ክሮኖን ለመመለስ ስሞክር ተራራው ላይ ተጣብቄያለሁ፣ እርዱኝ
ሰላም፣ ክሮኖ ትሪገርን የጨረሳችሁ እባካችሁ እርዱኝ። የ1995ቱን የሱፐር ኒንቴንዶ ጌም ነው የምጫወተው። ክሮኖ ጓደኞቹን ሊያድን ላቮስ የሚባለው ግዙፍ ጠላት ፊት ቆሞ ሲጠፋ በጣም ነው ያዘንኩት፤ ዋናው ገጸ ባሕሪ መሃል ላይ ይሞታል ብዬ ፈጽሞ አልጠበቅኩም። ልመልሰው እፈልጋለሁ። ጋስፓር የሚባለው ሽማግሌ ለዚህ የሚያስፈልገውን እንቁላል ሰጥቶኛል፣ ክሮኖን የሚመስለውን አሻንጉሊትም ትርኢቱ ቦታ ካለው ድንኳን በ40 ነጥብ ተጫውቼ አሸንፌ፣ ከእናቱ ቤት ሄጄ ወስጃለሁ። ግን በ2300 ዘመን ያለውን ዴዝ ፒክ ተራራ ልወጣ ስል ነፋሱ እየገፋ ወደ ታች ይመልሰኛል። ዛፎቹ ጀርባ ብሸሸግም አልሆነም። መጀመሪያ ኪፐርስ ዶም የሚባለው ቦታ ያለውን «ኑ» የተባለ ፍጡር ማናገር አለብኝ እንዴ? ወይስ የምራመድበት ሰዓት ነው ችግሩ? መጨረሻውን እንዳትነግሩኝ ብቻ፣ አደራ።