ለስድስት ኪሎው ማርቆስ ዐፅም ይምጣለት?

አወያይ፦ ሚያዝያ 30 የወንጌላዊው ማርቆስ በዓል ነው። የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው፦ በ1960 ዓ.ም. ከሮም ወደ ካይሮ ከተመለሰው ዐፅሙ ትንሽ ክፋይ ተለምኖ ለስድስት ኪሎው ቅዱስ ማርቆስ ቢመጣ ይበጃል ወይስ አይበጅም? ጥቅስ የሚጠቅስ ምዕራፍና ቁጥሩን ይጻፍ። ስድብ ይሰረዛል።

ዘአራዳ፦ ይምጣ እንጂ! የራሳችን ፓትርያርክ የተሾመልን በ1951 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ለዘመናት እናታችን የማርቆስ መንበር እስክንድርያ ነበረች። ዐፅሙ ሰኔ 17 ቀን 1960 ካይሮ ገባ፤ በማግሥቱ ካይሮ ዐባስያ ያለው የማርቆስ ካቴድራል ሲመረቅ ጃንሆይ ከግብፁ ፕሬዚዳንት ከናስር ጋር ተገኝተዋል። ያኔ ብንለምን ማን ይከለክለን ነበር?

መሪጌታ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ንግሡ በምን እንደሚቆም እንይ። ሚያዝያ 29 ከሰዓት ዋዜማ ይቆማል፤ ሌሊቱን ማኅሌት በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ ያድራል፤ ከኪዳንና ከቅዳሴ በኋላ ታቦቱ በካህን ራስ ላይ ሆኖ ይወጣል፤ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ይዞራል። ከዚህ ሁሉ ዐፅም የሚጠይቅ የቱ ነው? ታቦቱን የሚያከብረው የጳጳስ ጸሎትና ቅብዐ ሜሮን ነው። ግሪኮች አንቲሚንስዮን የሚሉትን ጨርቅ መንበሩ ላይ ያነጥፋሉ፤ የቅዱስ ዐፅም ቅንጣት ይሰፋበታል። እ.ኤ.አ. በ787 የተደረገው ሁለተኛው የኒቅያ ጉባኤም ቤተ ክርስቲያን ያለ ዐፅም እንዳይባረክ በ7ኛው ቀኖና ወስኗል። ያ ጉባኤ ግን የእነሱ ነው፤ እኛ የምንቀበለው ሦስቱን ብቻ ነው። ታቦት ላለው ሰው ዐፅም ጌጥ ነው፣ መሠረት አይደለም።

ዘአራዳ፦ ጌጥስ ቢሆን ምን ይጎዳል መሪጌታ? ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ፍልሰተ ዐፅም የምናከብረው እኛው አይደለንም?

መሪጌታ፦ እናከብራለን። የምናከብረው ግን ዐፅሙ የፈለሰበትን ቀን ነው፤ ዐፅሙን በመስታወት አሳይተን አይደለም።

ጠያቂው፦ እኔን የሚያሳስበኝ የማን ዐፅም ነው የሚለው ነው። የቬኒስ ነጋዴዎች እ.ኤ.አ. በ828 ከእስክንድርያ ሰርቀው ሲወስዱት የጉምሩክ ሰዎች እንዳይነኩት በአሳማ ሥጋ ሸፈኑት ይባላል። (ስርቆቱን በቤተ ክርስቲያናቸው ፊት ለፊት በሞዛይክ ሥለውታል፤ ሌብነቱን የሚያፍርበት የለም።) በ976 ቤተ ክርስቲያኑ ተቃጠለ፤ ዐፅሙ የት እንደገባ ጠፋ። በ1094 ከዓምድ ውስጥ ተገለጠ ተባለ። ግብፆቹ ደግሞ የራስ ቅሉ ከእስክንድርያ አልወጣም ብለው የራስ ቅሉን መገለጥ ጥቅምት 30 ያከብራሉ። ከ976 እስከ 1094 ያለው 118 ዓመት የተበጠሰ ሰንሰለት ነው። ሮም ያለው የቅዱሳን ሐዋርያት ቤተ ክርስቲያንም የሐዋርያው ያዕቆብ ነው ሲባል የኖረ የጭን አጥንት ነበረው፤ በካርቦን ሲለካ ከ214 እስከ 340 ባለው ጊዜ የኖረ ሰው ሆኖ ተገኘ። ሐዋርያው ከሞተ ከ150 ዓመት በላይ አልፎ!

የካቴድራሏ ልጅ፦ ጥርጣሬህ ትክክል ነው፤ ለዚህም ነው እኛ ካቶሊኮች ወረቀት የምንጠይቀው። ክፋዩ በትንሽ ክብ ማደሪያ ይታሸጋል፤ ከጀርባው በቀይ ክር ታስሮ በሰም ማኅተም ይዘጋል፤ የጳጳስ ወይም ሥልጣን ያለው አካል ደብዳቤ አብሮት ይሄዳል። ሲመጣ ሦስት ነገር ታያላችሁ፦ በመለያው ያለው ስም ከደብዳቤው ጋር ይገጥማል? ማኅተሙ ሙሉ ነው? ክሩ አልተቆረጠም? «ኤክስ ኦሲቡስ» የሚል ካለ «ከዐፅሙ» ማለት ነው፤ ልብስን ወይም ዐፅሙን የነካ ጨርቅን እንደ ዐፅም አትቀበሉ። ማኅተሙ አንዴ ከተሰበረ ደብዳቤው ዋጋ የለውም፤ የታሸገው ያ መሆኑን የሚመሰክር የለምና። ዋጋ የተጠራበት ከሆነ ደግሞ እዚያው ተዉት፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሕግ ቀኖና 1190 ሽያጭን ፈጽሞ ይከለክላል።

ወንጌላዊ፦ ማኅተሙ ሙሉ ቢሆንስ? ሕዝቅያስ የነሐሱን እባብ የሰበረው ሐሰተኛ ስለነበረ አይደለም፣ ዕጣን ስላጠኑለት ነው፤ 2ኛ ነገሥት 18፥4። የሙሴ መቃብር የተሰወረው ለምን ይመስላችኋል? ዘዳግም 34፥6። የሉተራውያን የአውግስበርግ የእምነት መግለጫ 21ኛው አንቀጽ ቅዱሳንን እናስብ፣ እምነታቸውን እንከተል ይላል፤ ከዚያ አያልፍም።

መሪጌታ፦ መጽሐፉን ከያዝክ አምስት ምዕራፍ ወደ ኋላ ግለጥ። 2ኛ ነገሥት 13፥21፦ የኤልሳዕን አጥንት የነካው ሬሳ ተነሣ። የጳውሎስ ጨርቅም አለ፤ ሐዋርያት ሥራ 19፥12።

ወንጌላዊ፦ ተነሣ፤ ነገር ግን አጥንቱን አውጥቶ ያዞረው የለም፣ መሪጌታ።

መሪጌታ፦ እሱስ እውነት ነው።

ዘአራዳ፦ እሺ፣ መጣ እንበል። የት ይቀመጥ? ቅድስት ላይ በመስታወት?

የካቴድራሏ ልጅ፦ መስታወት አትምረጡ። ሕዝቡ ይስመዋል፤ የከንፈር ቅባትና የጧፍ ጥቀርሻ ይጋገርበታል፤ ለመወልወል ሲባል በየጊዜው ይከፈታል፤ ማኅተሙ የሚሰበረው እንዲህ ነው። የጧፉ ሙቀትም ሰሙን ያለሰልሰዋል። ከግብፆቹ ተማሩ፦ ዐፅሙን ጠቅልለው በእንጨት ቱቦ ይከቱታል፤ ቱቦውን በቀይ ከፋይ ያለብሱታል። በበዓሉ ዋዜማ ካህናቱ የቅመም ዱቄትና ሽቱ ቀላቅለው ቱቦውን ይቀቡታል እንጂ ዐፅሙን አይነኩም።

ጠያቂው፦ ቀኑስ? እናንተ ሚያዝያ 25፣ እነሱ ሚያዝያ 30።

የካቴድራሏ ልጅ፦ የሮም ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ኤፕሪል 25 ነው፤ በጥንቱ የዩልዮስ አቆጣጠር ይህ ቀን የእኛ ሚያዝያ 30 ነው። በ13 ቀን የተራራቁት አቆጣጠሮቹ ናቸው። ሮም ግን በፋሲካ ሳምንት ከዋለ በዓሉን ትዘለዋለች፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ማግሥተ ፋሲካ ላይ ውሎ ቀርቷል።

መሪጌታ፦ የእኛ በጾም አይያዝም። ፋሲካ ከሚያዝያ 30 አይወጣምና፣ ማርቆስ ቢያንስ ከትንሣኤ ጋር ይገጥማል። በ1975 ዓ.ም. ገጥሟል። እንግዲህ ዐፅሙ ከመጣ ሚያዝያ 30ን አትንኩበት፤ እንደ ግብፆቹ ሰኔ 17 ፍልሰቱ ይከበርለት። ክፋዩም መቅደስ ውስጥ ይሁን፣ ቁልፉ በአስተዳዳሪውና በቄሰ ገበዙ እጅ፤ አንዱ ያለ ሌላው አይክፈት።

ዘአራዳ፦ ሰኔ 17 እኮ በብዙው ዓመት ጾመ ሐዋርያት ነው፤ ቅዳሴው ከሰዓት ነው። ዝናቡስ?

መሪጌታ፦ ጥላ ለታቦቱም ለካህናቱም አለ። ለሕዝቡ አንተ አስብበት።