ምክር ቤቱ «አይለፍብን» ይበል ወይስ «በዚህ በኩል ይለፍ»?

የሐረጎው
ሰላም ኮምቦልቻዎች፣ ደሴዎችም ግቡበት። እንግሊዝ ውስጥ ከኖሪች እስከ ቲልበሪ ባለ 400 ኪሎ ቮልት የኤሌክትሪክ መስመር ሊዘረጋ ታስቧል። ርዝመቱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ምሰሶዎቹ ወደ 50 ሜትር ይቆማሉ። ዕቅዱ በ2022 እ.ኤ.አ. ከወጣ ወዲህ የየአካባቢው ምክር ቤቶች «በላያችን አይለፍ፣ በባሕር ውሰዱት» እያሉ ደብዳቤ ሲጽፉ ከርመዋል። የመጨረሻው ውሳኔ ግን የሚኒስትሩ ነው።

ወደ እኛ ልምጣ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከ2009 ጀምሮ አለ፣ ባቡሩም የተሠራው በኮረንቲ እንዲሄድ ነው። ነገ አዲስ ከፍተኛ መስመር በከተማው ጠርዝ ወይም በቃሉ ወረዳ ማሳ ላይ ልለፍ ቢል ምክር ቤታችን ምን ብሎ ይመልስ? እኔ «አይለፍብን» ማለት ባዶ ጩኸት ነው ባይ ነኝ። ችካል ሳይመታ በፊት «በዚህ በኩል ይለፍ፣ ይሄ ይሄ ይሟላ» ብሎ መጻፍ ነው የሚያዋጣው። በሉ ተከራከሩኝ።

ባለ ፀጉር ቤቷ
ይሄ ምን ክርክር ያስፈልገዋል? ይለፍ! ደንበኛዬ ታጥባ፣ ቢጎዲኗ ተጠቅልሎ፣ ካስክ ውስጥ እንደገባች መብራቱ ድርግም ይላል። ከዚያ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልዬ ሻይ እያጠጣሁ «አሁን ይመጣል» ስል ነው የምውለው። ከፈለጉ በጣራዬ ላይ ያሳልፉት ወላሂ።

ጡረተኛው የመስመር ሰው
ልጄ አብሽሪ፣ ግን እሱ መስመር ቢያልፍም ካስክሽ ላይሠራ ይችላል። አሁንም እኮ 230 ኪሎ ቮልት በደብረ ብርሃን በኩል መጥቶ ኮምቦልቻ ይገባል፣ ከዚያ ወደ አላማጣ ይቀጥላል። ከፍተኛ ኃይል መጀመሪያ ማከፋፈያ ጣቢያ ገብቶ ወደ 33 ወይም 15 ኪሎ ቮልት መውረድ አለበት፣ ከዚያ በየሰፈሩ ትራንስፎርመር ደግሞ ወደ 380 እና 220 ቮልት። የሰፈር መብራት በአብዛኛው የሚጠፋው እዚህ ታች ነው። የተጫነበት ትራንስፎርመር፣ የበሰበሰ የእንጨት ምሰሶ፣ ዛፍ የነካው ሽቦ። ላይኛው ሞልቶ ታችኛው ሊደርቅ ይችላል።

የቃሉው
ጋሼ ያሉት እውነት ነው። አጎቴ ማሳ መሃል ታወር ቆሟል። አራቱ እግሮች መሃል በሬ ማዞር ስለማይቻል እዚያ አረም ነው የሚበቅለው። ካፊያ ሲጥል ሽቦው ንብ እንደገባበት ቀፎ ይጮኻል። አጎቴ ቤት ያለው መብራት ግን ጣራ ላይ የተሰቀለች ትንሽ ሶላር ናት።

ካሳውን ልንገራችሁ። የተከፈለው ለእግሮቹ ማረፊያና ለተቆረጠው ባሕር ዛፍ ነው። ሽቦው ሥር ያለውን ረጅም መሬት «ያንተው ነው፣ እረሰው፣ ማሽላም ጤፍም ዝራበት» አሉት። ባሕር ዛፍ ግን አይተከልም፣ ቤት አይሠራም። ለልጁ ጎጆ መውጫ ያሰበው እዚያ ነበር። መሬቱ በደብተሩ ላይ አለ፣ በእጁ ግን ግማሹ የለም። ስለዚህ የሐረጎው፣ «ይለፍ» ማለት ላንተ ይቀልሃል።

የሐረጎው
ወንድሜ እኔም እኮ የምለው ይሄንኑ ነው። ምክር ቤቱ ቀድሞ ቢጠይቅ የሽቦው ሥር መሬት ጉዳይ ከጅምሩ ይነሳ ነበር። ካሳ ገማች ኮሚቴ ማሳ ላይ ከቆመ በኋላ ማን ይሰማል?

ሕግ አንባቢው
ሕጉን ላስታውሳችሁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ንዑስ 2 ላይ ሕዝብ ማኅበረሰቡን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየቱን እንዲሰጥ የመጠየቅ መብት አለው ይላል። የመሬት ማስለቀቂያና የካሳ አዋጁ 1161/2011 ደግሞ ይዞታው ለዘለቄታው ተወስዶበት ምትክ መሬት ላላገኘ አርሶ አደር የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢው በ15 ተባዝቶ ይከፈለው ይላል። የቀድሞው 455/1997 በ10 ነበር የሚያባዛው። «ለዘለቄታው የተወሰደ» የሚለው ላይ ነው ነገሩ። መሬቱ ካልተወሰደና አጠቃቀሙ ብቻ ከተገደበ ገበሬው የ15ቱ ስሌት ውስጥ አይገባም፣ የቃሉው አጎት እዚያች ስንጥቅ ውስጥ ነው የወደቁት።

ሌላም አለ። በ2016 አዋጁ ሲሻሻል የፌዴራል ፕሮጀክት ካሳ ሳይቀር ወደ ክልል ዞሯል። እና እስቲ ንገሩኝ፣ ከፋዩ ክልል ከሆነ፣ ምክር ቤቱ ለገበሬው ብዙ ይከፈል ብሎ የሚጽፈው ለማን ነው? የራሱን ኪስ እየነካ እኮ ነው።

የሐረጎው
ይህቺ ከባድ ናት። አላሰብኳትም ነበር ልል ነው፣ ግን ያኔም ቢሆን ቀድሞ መጻፉ ይሻላል። ካሳው ከክልሉ ከወጣ መስመሩ ቤትና ማሳ የማይበዛበት ቢሄድ ለክልሉም ይረክስለታል። ጥቅሙ የገጠመው እዚህ ላይ ነው።

ደሴ ሆጤ
ሁላችሁም ለምን ትደክማላችሁ፣ ከመሬት በታች ይቀበር! አዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ ሽቦውን ሁሉ ቀብራው የለ? እኛ ሰው አይደለንም?

ጡረተኛው የመስመር ሰው
እዚያ የተቀበረው በዋናነት የሰፈር መስመር ነው ልጄ። ከፍተኛውን መቅበር ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው። ሽቦው አየር ላይ ሲሆን ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል፣ አፈር ውስጥ ሲሆን ሙቀቱ መውጫ ያጣል። የቦርከና ሸለቆ ዋልካ ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲሰነጠቅ ታውቀዋለህ፣ እዚያ የተቀበረ ኬብል ላይ ብልሽት ፈልጎ መጠገን ሳምንታት ሊበላ ይችላል። ላዩ ላይም ዛፍ አይተከል፣ ቤት አይሠራ። ለገበሬው ያው ነው። እንግሊዞቹም ቢሆኑ ለመቅበር የተስማሙት ደድሃም ቬል የሚባለውን የታወቀ ውብ ሸለቆና ጥቂት ቦታዎችን ነው።

የሁለት ልጆች እናት
እኔ የምፈራው ካንሰሩን ነው። ትምህርት ቤት አጠገብ ቢያልፍስ? ማን ነው የሚመልስልኝ?

ነርሷ
እህቴ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ተቋም በ2002 እ.ኤ.አ. የእነዚህን መስመሮች ማግኔታዊ መስክ «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚላቸው ውስጥ መድቦታል። የተነሳውም ከልጆች የደም ካንሰር ጋር ሊያያዝ ይችላል ከሚሉ ጥናቶች ነው። ያመጣል ተብሎ አልተረጋገጠም፣ ነፃ ነውም አልተባለም። የሚታወቀው መስኩ ከሽቦው በራቅሽ ቁጥር ቶሎ እንደሚደክም ነው። ስለዚህ ምክር ቤቱ «ካንሰር ነው» ብሎ ቢጽፍ ይስቁበታል፣ «ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ አጠገብ አይለፍ፣ ርቀቱ በካርታ ይታይ» ብሎ ቢጽፍ ግን መልስ መስጠት አለባቸው።

ቀልደኛው
ታወሩን ማን እንደሚጠብቀውስ አትጽፉም? ብረቱን እየፈቱ ለቁራሌው የሚሸጡ አሉ አይደል፣ አንድ ሌሊት ሲወድቅ ከተማው በሙሉ ጨለማ ውስጥ ሊገባ ነው።

የቃሉው
ቀልድ አይደለም። ሥሩ ያለ ሰው ምንም ካላገኘበት ምን ብሎ ይጠብቀው? እንግሊዝ እንኳ አዲስ ምሰሶ በ500 ሜትር ውስጥ ለሚቆምበት ቤት ከመብራት ሒሳቡ ላይ በዓመት እስከ 250 ፓውንድ፣ ለ10 ዓመት እንቀንሳለን ብላለች። አጎቴ የሚቀነስለት ሒሳብ የለውም፣ መብራቱ ራሱ የለማ!

ጡረተኛው የመስመር ሰው
ለዚህ እንኳ መላ አለው። ጋና ውስጥ የምሰሶው አናት ላይ የሚዘረጋውን የመብረቅ መከላከያ ሽቦ በመካከለኛ ቮልቴጅ እንዲሠራ አድርገው ከሥሩ ያሉ መንደሮችን አብርተውበታል። ግን ከመጀመሪያው ዲዛይን ላይ መግባት አለበት። መስመሩ ካለቀ በኋላ «ለእኛም ጨምሩልን» ብትሉ አይሆንም ነው መልሱ።

ባለ ፀጉር ቤቷ
እሺ ጋሼ፣ ገባኝ። እኔ ግን አሁንም ይለፍ ባይ ነኝ። ሰው ፋብሪካ ገብቶ ካልሠራ ፀጉር የሚሠራ ማን አለ? ምክር ቤቱ እየተከራከረ አምስት ዓመት ቢያልፍ ፋብሪካው ሌላ ከተማ ይሄዳል፣ የእንግሊዙን የምክር ቤት ደብዳቤ ሻይ እያፈላን እናነባለን።

የሐረጎው
እንግዲያው ለቀጣዩ የምክር ቤት ጉባኤ የሚገባ ጽሑፍ ላርቅቅ። የመስመሩ ጥናት ሲጀመር ምክር ቤቱ ይጠራ፣ አማራጭ መንገዶች በካርታ ይቅረቡ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ይራቅ፣ ሥሩ ያለው ቀበሌ መብራት በዲዛይኑ ውስጥ ይግባ። ሕግ አንባቢው፣ አንቀጾቹን አንተ ታስገባለህ።

ሕግ አንባቢው
አስገባለሁ። ግን «የማስለቀቂያ ትዕዛዝ የደረሰው ሰው በ30 ቀን ውስጥ ቅሬታ ማቅረብ ይችላል» የምትለዋን በየቀበሌው ለጥፉ። ቀኑ ካለፈበት በኋላ የሚመጣው ሰው ነው የሚያሳዝነኝ።

የቃሉው
ከሁሉም በፊት የሽቦው ሥር መሬት ይጻፍ። ቁጥር አንድ። እሱ ከሌለ እኔ አልፈርምም፣ አጎቴንም አላስፈርምም።

ባለ ፀጉር ቤቷ
ጽፋችሁ ስትጨርሱ ፕሪንት የሚደረገው እኔ ሰፈር ነው፣ መብራት ካለ።