ክብደት በቀነስሁ ቁጥር ጨምሮ ይመለስብኛል፤ የሚዘልቀው መንገድ የትኛው ነው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 34 ዓመት፣ ቁመቴ 1.62 ሜትር፣ ክብደቴ 81 ኪሎ ነው። ሁለት ልጆች ወልጃለሁ፤ ትንሿ አራት ዓመት ሞልቷታል፤ አሁን አላጠባም፣ እርጉዝም አይደለሁም።

ባለፉት ሦስት ዓመታት ሦስት ጊዜ ክብደት ቀንሼ ሦስቱንም ጊዜ ከቀነስሁት በላይ ተመልሶብኛል። የመጨረሻው ከሁሉም የከፋ ነበር። ቁርስ ፈጽሜ ትቼ፣ ምሳዬን ሰላጣ፣ እራቴን አንድ ሳህን ሾርባ ብቻ አድርጌ፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት እየሮጥሁ በስድስት ሳምንት 7 ኪሎ ወረድሁ። ያየኝ ሁሉ አማረብሽ ይለኝ ነበር፤ እኔ ግን ደረጃ ስወጣ ዓይኔ ይጨልምብኝ ነበር። የወር አበባዬ ለሁለት ወር ቀረ፤ ካቆምሁ በኋላ ደግሞ ባበጠርሁ ቁጥር ጸጉሬ በእፍኝ ይነቀል ጀመር። ከዚያም በአምስት ወር ውስጥ 9 ኪሎ ጨመርሁ።

በዚያው ሰሞን «ስብ ያቃጥላል» የተባለ እንክብል ለሦስት ሳምንት ወስጄ ነበር፤ ልቤ እየደለቀ ሌሊቱን እንቅልፍ ሲነሣኝ ተውሁት። ለጸጉሬ ብዬ የጀመርሁትን ባዮቲን የተባለ ቫይታሚን ግን እስከ አሁን በየቀኑ እወስዳለሁ።

በቀን ምን ያህል ልብላ? ከሩጫ ሌላ ምን ዓይነት እንቅስቃሴ ይጠቅመኛል? በእርግጥ የሚረዳ ሰፕልመንት አለ? ልጆቼን እያሳደግሁ ለዓመታት ልኖርበት የምችለውን መንገድ ብትጠቁሙኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የሥነ ምግብ ባለሙያ

እኅቴ፣ አስቀድመው ጥፋቱን ከራስዎ ላይ ያንሡ። የሰው ልጅ ምግቡን ከልክ በላይ ሲቀንስ ሰውነቱ ስቡን ብቻ ሳይሆን ጡንቻውንም ያፈርሳል፤ የሚያቃጥለውን ኃይል ይቆጥባል፤ ረሃብ የሚቀሰቅሱ ሆርሞኖችም ይጨምራሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ አንድ ጥናት፣ በቴሌቪዥን ውድድር ላይ በፍጥነት ብዙ ኪሎ የቀነሱ 14 ሰዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ሲለኩ፣ ዐርፈው ሳሉ ሰውነታቸው የሚያቃጥለው ኃይል ከሚጠበቀው በቀን በ500 ካሎሪ ገደማ አንሶ ተገኝቷል። እርስዎም ሦስት ጊዜ የታገሉት ከዚህ ጋር ነው።

በሰጡን ልኬት ሳሰላው፣ ቀኑን ሙሉ ተኝተው ቢውሉ እንኳ ሰውነትዎ 1,490 ካሎሪ ገደማ ይፈልጋል፤ ከቤትና ከሥራ እንቅስቃሴ ጋር ወደ 2,000 እና 2,100 ይጠጋል። ከዚህ ላይ 400 ወይም 500 ብቻ ቀንሰው በቀን ከ1,600 እስከ 1,700 ካሎሪ ይብሉ። ቀድሞ ይበሉት የነበረው ከ900 የሚያልፍ አይመስለኝም፤ ከ800 በታች የሆነ አመጋገብ ደግሞ የሐኪም ክትትል ሳይኖር የሚሞከር አይደለም።

በየምግቡ ላይ ፕሮቲን ያስቀድሙ። ለእርስዎ በቀን ከ90 እስከ 100 ግራም፣ ማለትም በአንድ ማዕድ 30 ግራም ገደማ ይበቃል፤ ጡንቻዎን ይጠብቅልዎታል፣ ጥጋቡም ይቆያል። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ 100 ግራም የበሰለ ምስር 9 ግራም፣ 100 ግራም የበሰለ የዶሮ ፈረሰኛ 30 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ከሳህንዎ ግማሹን አትክልት ይያዘው፤ ዳቦውን፣ ሩዙን ወይም ድንቹን ግን አይተዉት፣ ሩቡን ቦታ ይስጡት። የተዉት ነገር በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት ተነሥተው እንደሚፈልጉት ከብዙ እናቶች ሰምቻለሁ።

ብዙዎቻችንን የሚያታልለን ዘይት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ከጠርሙሱ በቀጥታ ድስት ላይ ሲንቆረቆር ደግሞ በዓይን ግምት አንድ ማንኪያ የመሰለው ሦስት ሊሆን ይችላል። ለሁለት ሳምንት ያህል በማንኪያ እየሰፈሩ ያብስሉ፤ ሌላ ምንም ሳይለውጡ የሚያዩት ልዩነት ያስገርምዎታል። ስኳር ያለባቸውን መጠጦችም በውኃ ይተኩ፤ ካሎሪያቸው ይገባል እንጂ አያጠግቡም።

በሳምንት ግማሽ ኪሎ መውረድ በቂ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለትና ሦስት ኪሎ ቢወርዱ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ አይደሰቱበት፤ ከዚያ በኋላ ሲዘገይም አይዘኑ። ከ81 ኪሎ ላይ 4 ኪሎ ብቻ መቀነስ እንኳ ለደም ግፊትና ለደም ስኳር ይጠቅማል።

መልስ፦ በዚህ መንገድ ያለፈች እናት

እኅቴ፣ ታሪክሽን ሳነብ የራሴን ያነበብሁ መሰለኝ። እኔ 11 ኪሎ ለመቀነስ አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈጅቶብኛል፤ ይኸው ከቀነስሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ፣ አልተመለሰም። ለእኔ ትልቁ ለውጥ ሚዛኑን የማይበት መንገድ ነው። በፊት በየጠዋቱ እየወጣሁበት፣ ከፍ ካለ ቀኑን ሙሉ እከፋ ነበር። በኋላ ግን የሴት ሰውነት ከወር አበባ በፊት ባሉት ቀናት ውኃ እንደሚይዝ፣ በዚያ ምክንያት ብቻ አንድና ሁለት ኪሎ ሊጨምር እንደሚችል ተረዳሁ። ከዚያ ወዲህ የማወዳድረው የወር አበባዬ በጀመረ በአምስተኛው ቀን ጠዋት የተመዘንሁትን ካለፈው ወር አምስተኛ ቀን ጋር ነው። በዚያው ቀን ወገቤንም በሜትር እለካለሁ፤ ሚዛኑ ባልተንቀሳቀሰባቸው ሁለት ወራት ወገቤ በ3 ሳንቲ ሜትር ቀንሶ አግኝቼዋለሁ።

ደግሞ እባክሽ፣ የልጆችሽን ትርፍራፊ ቆመሽ አትብዪ። ያንቺን ሳህን አቅርበሽ፣ ተቀምጠሽ ብዪ።

መልስ፦ የአካል ብቃት አሠልጣኝ

ሩጫውን አልቃወምም፤ ነገር ግን በቂ ሳይበሉ በየቀኑ አንድ ሰዓት መሮጥ ሰውነትን ያደክማል፣ ጡንቻንም አይጠብቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ ሁለት ቀን የጡንቻ ማጠናከሪያ ሥራ ይመክራል። ሴቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚተዉት ሁለተኛውን ነው፤ «ሰውነቴ እንደ ወንድ ይገዝፋል» የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም፤ ጡንቻ እንዲያ የሚገዝፈው በዓመታት ከባድ ልምምድና በብዙ ምግብ ነው።

በቤት ውስጥ ጠንካራ ወንበር ይበቃዎታል። እግርዎን በትከሻዎ ስፋት ከፍተው ከወንበሩ ፊት ይቁሙ፤ እስከ ሦስት እየቆጠሩ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይቀመጡ፤ መቀመጫዎ ወንበሩን ሲነካ ሳያርፉ፣ ተረከዝዎ መሬቱን ሳይለቅ ይነሡ። ይህን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ደጋግመው፣ ዐርፈው፣ ሁለትና ሦስት ዙር ይሥሩ። 12ቱን ያለ ችግር ሲጨርሱ በሁለት እጅዎ ውኃ የተሞሉ ጠርሙሶች ይያዙ። በዚህ ላይ ግድግዳ ተደግፈው የሚሠሩትን ፑሽ አፕ፣ በጀርባ ተኝቶ ዳሌን ማንሣትንና ክብደት ወደ ሰውነት መሳብን ይጨምሩ፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ። በቀሩት ቀናት ፈጠን ብለው ይራመዱ። የሆድ እንቅስቃሴ የሆድን ጡንቻ ያጠነክራል እንጂ በላዩ ያለውን ስብ ለይቶ አያወርድም።

ሲዘሉ ወይም ሲያስሉ ሽንት የሚያመልጥዎ ከሆነ አያፍሩ፣ ከወለዱ እናቶች ብዙዎች ይገጥማቸዋል፤ ዝላዩንና ሩጫውን ለጊዜው ትተው የዳሌ ወለል ጡንቻን የሚያክም ፊዚዮቴራፒስት ያማክሩ።

መልስ፦ ፋርማሲስት

ስለ እንክብሉ የጻፉት አሳስቦኛል፤ ያቆሙትም በጊዜው ነው። «ስብ ያቃጥላል» ተብለው ከሚሸጡት ውስጥ በመለያው ላይ ያልተጻፈ መድኃኒት የሚገኝባቸው አሉ። በተደጋጋሚ የተገኘው ሲቡትራሚን ነው፤ ይህ መድኃኒት በልብና በደም ሥር ላይ በሚያስከትለው አደጋ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2010 በአውሮፓና በአሜሪካ ከገበያ ወጥቷል። ኤፌድራ የተባለ ዕፅ ያለባቸው ሰፕልመንቶችም በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 ታግደዋል። የልብ መደለቅና እንቅልፍ ማጣት በከፍተኛ ካፌይንም በእነዚህም ስለሚመጣ፣ ዕቃው ካለዎት ለሐኪምዎ ያሳዩ፣ ከቶ አይመለሱበት።

የአረንጓዴ ሻይ «ኤክስትራክት» የሚባለውንም ልለይልዎት። ተፈልቶ የሚጠጣው ሻይ ሌላ፣ በእንክብል ተከማችቶ የሚሸጠው ሌላ ነው፤ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ የሆነው ኢጂሲጂ የተባለ ንጥረ ነገር ከጉበት መጎዳት ምልክቶች ጋር እንደሚያያዝ አስታውቋል። ሆድ የሚያስቀምጡ «የማቅጠኛ» ሻይዎች ደግሞ የሚያወጡት ውኃና ፖታሲየም ነው፤ ስቡ ባለበት ይቆያል።

ታዲያ የሚረዳ የለም ወይ ላሉት፣ ክብደት በራሱ የሚቀንስ ሰፕልመንት ልመክርዎ አልችልም። የፕሮቲን ዱቄት ከምግብ የጎደለውን ለመሙላት ይጠቅማል፤ ምግብ ነው፣ መድኃኒት አይደለም። ብረትና ቫይታሚን ዲ በምርመራ ጎድለው ከተገኙ ይወሰዳሉ። ኦርሊስታት እና በሳምንት አንድ ጊዜ በመርፌ የሚሰጠው ሴማግሉታይድ ግን መድኃኒቶች ናቸው። በተለይ ሴማግሉታይድ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚወሰድ ሲሆን፣ ሲቆም ከቀነሰው ክብደት ብዙው እንደሚመለስ፣ ከእርግዝናም ቢያንስ ሁለት ወር አስቀድሞ መቆም እንዳለበት ማወቅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ባዮቲኑ ልምጣ፣ ምክንያቱም ማንም ያልነገርዎት ይመስለኛል። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 30 ማይክሮ ግራም ገደማ ነው፤ የጸጉር እንክብሎች ግን ብዙ ጊዜ 5,000 ወይም 10,000 ይይዛሉ። ይህን ያህል ባዮቲን በደም ውስጥ ሲኖር አንዳንድ የታይሮይድ ምርመራዎችን ያሳስታል፤ ጤነኛዋን ሴት የታይሮይድ ሆርሞኗ የበዛ፣ ሆርሞኗ ያነሰባትንም ጤነኛ ሊያስመስል ይችላል። ደም ከመስጠትዎ በፊት ቢያንስ ሁለት ቀን ያቁሙትና መውሰድዎን ለሐኪሙና ለላቦራቶሪው ይናገሩ።

መልስ፦ ጠቅላላ ሐኪም

ከላይ በተሰጡት መልሶች እስማማለሁ፤ ነገር ግን አመጋገቡን ከመጀመርዎ በፊት ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። የወር አበባ መቅረት ሰውነት በቂ ኃይል አላገኘሁም የሚልበት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ሲቀር ግን ሁልጊዜ በቅድሚያ የእርግዝና ምርመራ ይደረጋል። ጸጉርዎ የተነቀለውም ሰውነት ከባድ ጫና ከደረሰበት ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ በሚከሠት ሂደት ይመስላል፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ በራሱ ይመለሳል።

የደም ማነስና የብረት ክምችት (ፌሪቲን)፣ የታይሮይድ እንዲሁም የደም ስኳር ምርመራ ያድርጉ። የወር አበባዎ ከድሮም የሚዛባ፣ በአገጭዎ ላይ ጸጉር የሚበቅል፣ ብጉር የማይለቅዎ ከሆነ ፒሲኦኤስ ስለሚባለው የኦቫሪ ሕመም ይጠይቁ፤ እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከ10 እስከ 13 በመቶ የሚሆኑት አለባቸው፣ ብዙዎቹም አያውቁትም። በፍጥነት የቀነሰች ሴት ከምግብ በኋላ በቀኝ የላይኛው ሆዷ ላይ ከባድ ሕመም ከተሰማት የሐሞት ጠጠር ሊሆን ስለሚችል አትቆይ።

ከጠያቂዋ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባዮቲኑን አቁሜ ተመረመርሁ፤ ታይሮይዴ ደኅና ነው፣ ፌሪቲኔ ግን 9 ሆኖ ስለተገኘ ሐኪሟ ብረት አዝዛልኛለች። ዘይቱን በማንኪያ መስፈር ጀምሬያለሁ፤ እውነትም ሦስት ማንኪያ ነበር። ሳልራብ የወር አበባዬ በጀመረ በአምስተኛው ቀን ሚዛኔ 79.2 ኪሎ ደርሶ ነበር። ትናንት ግን የወር አበባዬ ሊመጣ ሦስት ቀን ሲቀረው 80.4 አየሁ፤ የወንበሩንም እንቅስቃሴ የጀመርሁት በዚሁ ሳምንት ነው፣ ጭኔን ያመኛል። እራት ልተው ይሆን?

መልስ፦ አሠልጣኙ

አይተዉ። አዲስ ሥራ የጀመረ ጡንቻ ሲጠገን ውኃ ይይዛል፤ ሕመሙ በቀናት ውስጥ ይለቅዎታል።

መልስ፦ እናትየዋ

እኅቴ፣ አንድ ኪሎ ስብ ለመጨመር ከሚያስፈልግሽ በላይ 7,700 ካሎሪ ገደማ መብላት ነበረብሽ፤ ይህን ደግሞ አልበላሽም። ሚዛኑን አልጋ ሥር አስገቢው። የወር አበባሽ በጀመረ በአምስተኛው ቀን ጠዋት ተመዝነሽ ከ79.2 ጋር አስተያዪውና ጻፊልን፤ እስከዚያ እራትሽን አትንኪ።