ክርክር፦ ኦሲዲ በአጭር ፊልም፤ እጅ መታጠቡ ይቅር ወይስ ይቆይ?

አወያይ፦ ስለ ኦሲዲ፣ ማለትም ያልተፈለገ ሐሳብ እየተመላለሰ አንድን ድርጊት ደጋግሞ ስለሚያስፈጽምበት የአእምሮ ሕመም፣ የተሠሩ ብዙ አጭር ፊልሞች በቧንቧ ይከፈታሉ። ሳሙና፣ ውኃ፣ የቀላ እጅ። ይህ ምስል ሰለቸን፣ ይቅር የሚሉ አሉ፤ እውነት ስለሆነ ይቆይ የሚሉም አሉ። እናንተስ?

ኤዲተር፦ ይቆይ። ካሜራ የሚይዘው የሚታየውን ነው። በ10 ደቂቃ ፊልም የመጀመሪያው 1 ደቂቃ ላይ ጉዳዩ ካልገባው ተመልካቹ ያመልጣል። ደግሞም አልዋሸንም፤ የመበከል ፍርሃት ከበሽታው የታወቁ መልኮች አንዱ ነው።

የሥነ አእምሮ ሐኪም፦ ወንድሜ፣ ከእጁ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከፊቱና ከኋላው ያለው በመቅረቱ ነው። አንድ ነገር ይቀሰቅሳል፣ ያልተጠራ ሐሳብ ሰተት ብሎ ይገባል፣ ጭንቀቱ ይንራል፣ ድርጊቱ ይፈጸማል፣ ለጥቂት ጊዜ እፎይ ይባላል፣ ከዚያ ጥርጣሬው ይመለሳል። ድርጊቱን ብቻ ካሳያችሁ ሰውዬው ንጽሕና ወዳድ ይመስላል። እፎይታዋን አትዝለሏት፤ ድርጊቱን የምታስደግመው እሷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዲኤስኤም-5 የተባለው የአሜሪካ ሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ ሐሳቡና ድርጊቱ ጊዜ የሚበላ፣ ለምሳሌ በቀን ከ1 ሰዓት በላይ የሚወስድ፣ ወይም ከባድ ጭንቀት የሚፈጥር፣ አለዚያም ኑሮን የሚያውክ እንዲሆን ይጠይቃል። እርሳሶቹን በቀለም ደርድሮ ደስ ያለው ገጸ ባሕርይ ኦሲዲ የለበትም።

ኤዲተር፦ ዶክተር፣ 1 ሰዓቱን በ10 ደቂቃ ውስጥ የት ላስቀምጠው?

ዳይሬክተር፦ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ድግግሞሹን ለማሳጠር 8 ሾት በ12 ሴኮንድ እንቆርጥና ፈጣን ምት እናስገባበታለን። ድካሙ በመቀስ ይወጣል፣ ተመልካቹም ይስቃል። 90 ሴኮንድ የሚሄድ አንድ ያልተቆረጠ ሾት ይበቃል፦ በሩን ይቆልፋል፣ ሦስት እርምጃ ይራመዳል፣ ይመለሳል፣ እጀታውን ይጎትታል። ቆጠራው ሲቋረጥበት ከአንድ ይጀምር። ተዋናዩ በየዙሩ ስሜት እንዳይጨምር አስጠንቅቁት፤ ፊቱ ላይ መታየት ያለበት ጥርጣሬ ነው፣ እብደት አይደለም።

የድምፅ ባለሙያ፦ ከቧንቧው ይልቅ እኔን የሚያስቆጣኝ ሹክሹክታው ነው። ሐሳቡን በሌላ ሰው ድምፅ፣ ማስተጋቢያ ጨምረን ስናሰማ ተመልካቹ ሰውዬው የሌለ ድምፅ ይሰማል ብሎ ይረዳል። ያ ሌላ ሕመም ነው። ኦሲዲ ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሐሳቡ ከገዛ አእምሮው እንደሚመጣ ያውቃል። የግድ ድምፅ ካስፈለገ የተዋናዩን የራሱን ድምፅ ያለ ማስተጋቢያ፣ ከንግግሩ ዝቅ አድርጋችሁ አስገቡ።

ደራሲ፦ ሁላችሁም የሚታየው ላይ ተረባርባችኋል። በልብ መቁጠር፣ ጸሎትን «በትክክል አልወጣም» እያሉ ከመጀመሪያው መመለስ፣ የትናንቱን ንግግር ቃል በቃል መፈተሽ፤ እነዚህም አስገዳጅ ድርጊቶች ናቸው፣ ካሜራ ግን አያገኛቸውም። ለአነስተኛ በጀት የሚመቸው ማረጋገጫ መጠየቅ ነው። «ምድጃውን አጥፍቻለሁ አይደል?» «አዎ።» ሁለት ተዋናይ፣ አንድ ክፍል፣ ይኸው ጥያቄ አራት ጊዜ። አራተኛው «አዎ» በቁጣ ቢወጣም እንኳ ዑደቱን ይመግባል። ቧንቧ ለምኔ?

ሐኪም፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ግን አጭር ፊልም መጨረሻው ላይ ያልተጠበቀ ጥምዝ ስለሚወድ አንድ ነገር ያሰጋኛል። ልጇን የመጉዳት ሐሳብ የሚወርራት እናት ቢላዎቹን ትደብቃለች፣ ከልጁ ጋር ብቻዋን ላለመሆን ትሸሻለች። ሐሳቡ የሚያስጨንቃት ስለማትፈልገው ነው። መጨረሻ ላይ እጇን በደም ብትነክሩት በሽታውን ገልብጣችሁታል፤ ይህን ያየች ሌላ እናትም ለሐኪም ከመናገር ዝምታን ትመርጣለች።

ኤዲተር፦ ታዲያ በምን እንጨርስ? በእቅፍ እንዳትሉኝ ብቻ።

ሐኪም፦ በእቅፍም፣ የታካሚውን እጅ ቆሻሻ ውስጥ በሚደፍቅ ቴራፒስትም አይሁን። ተጋልጦ ድርጊቱን የመከልከል ሕክምና በስምምነትና ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። ታካሚው የሚፈራቸውን ነገሮች ከ0 እስከ 100 ይመዝናል፤ ብዙ ጊዜ ከመካከለኛዎቹ ይጀመራል። የበር እጀታ ይነካል፣ አይታጠብም፣ ጭንቀቱን ይዞ ይቆያል።

ዳይሬክተር፦ እንግዲህ መጨረሻው ይኸው፦ ቧንቧው ተዘግቷል፣ እጁ ጉልበቱ ላይ ነው፣ 40 ሴኮንድ።

ኤዲተር፦ እህቴ፣ የመክፈቻው ቧንቧ ከሌለ ያ የተዘጋ ቧንቧ ለተመልካች ምን ይነግረዋል? እኔ አሁንም ይቆይ ባይ ነኝ።