ዕድሜው የገፋ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን፦ ይጠገን ወይስ ይወገድ?

ጠያቂ፦ የካሴት ወዳጅ

ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለኝ ባለ 21 ኢንች የቱቦ ቴሌቪዥን አለኝ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የጀርባ ክዳኑ ለጥገና ተፈትቶ አያውቅም ነበር፤ አሁን ግን ሦስት ችግሮች ተከታትለው መጡበት። አንደኛ፣ ቦታውን ቀይሬ ከትልቅ ስፒከር አጠገብ ካስቀመጥኩት ወዲህ የስክሪኑ የላይኛው የቀኝ ማዕዘን እድፍ የመሰለ ሐምራዊ ቀለም ይዟል። ሁለተኛ፣ ሲበራ ድምፁ ወዲያው ይመጣል፤ ምስሉ ግን ደብዝዞ ይቆይና የሚጠራው ከሁለት ወይም ከሦስት ደቂቃ በኋላ ነው። ሦስተኛውና ይበልጥ ያስደነገጠኝ፣ ባለፈው ሳምንት ፊልም እያየሁ ሳለ ምስሉ በድንገት ተጨምቆ በስክሪኑ መካከል ከግራ ወደ ቀኝ የተዘረጋች አንዲት ብሩህ መስመር ብቻ መቅረቷ ነው። ጎኑን መታ መታ ሳደርገው ወደ ቦታው ተመለሰ።

ቤተሰቦቼ ይወገድ ባዮች ናቸው። እኔ ደግሞ የቪዲዮ ዴኬና አሮጌው የጌም ማጫወቻዬ በጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ላይ የሚያሳዩት ምስል ስለማይጥመኝ ልለየው አልፈለግሁም። እንዲህ ዓይነት ቴሌቪዥን ያላችሁ ወይም የነበራችሁ፣ ከሦስቱ ችግሮች የትኛው ቀላል እንደሆነ፣ የትኛውስ የመጨረሻው ምልክት እንደሆነ ከልምዳችሁ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ሦስት ቀለም

ስለ ሐምራዊው እድፍ አይጨነቁ፤ ጥፋተኛው ስፒከሩ ነው። በቀለም ቱቦ ውስጥ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ የተመደቡ ሦስት የኤሌክትሮን ጨረሮች አሉ። ጨረሮቹ ከስክሪኑ ጀርባ ባለ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በተበሳ ስስ ብረት በኩል አልፈው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቀለም ነጥብ ብቻ እንዲመቱ ሆነው የተስተካከሉ ናቸው። ይህ ብረት ከስፒከሩ ማግኔትነት ሲወስድ ጨረሮቹ ጥቂት ይስቱና የጎረቤታቸውን ነጥብ ይመታሉ።

መፍትሔው ቴሌቪዥኑ ውስጥ አለ። በቱቦው ዙሪያ የተጠመጠመ የመዳብ ጥቅል አለ፤ ሲበራ ለአፍታ «ድምም» የሚል ድምፅ የሚሰማው ይህ ጥቅል ማግኔትነቱን ሲያጠፋ ነው። ሆኖም ጥቅሉን የሚቆጣጠረው አካል አንዴ ከጋለ በኋላ ኤሌክትሪኩን ስለሚያግድ፣ ቶሎ ቶሎ ማብራትና ማጥፋት ምንም አይፈይድም። በመጀመሪያ ስፒከሩን ያርቁት። ከዚያ ቴሌቪዥኑን በሪሞት ሳይሆን በራሱ ዋና ማጥፊያ አጥፍተው ግማሽ ሰዓት ያህል ካቀዘቀዙት በኋላ ያብሩት። እድፉ በአንድ ጊዜ ካልጠፋ ይህንኑ ይደጋግሙት። ልጄ የማቀዝቀዣ ማግኔት በስክሪኑ ላይ ስታንሸራትት ያገኘኋት ቀን ቴሌቪዥኑ ቀስተ ደመና መስሎ ነበር፤ በሁለት ቀን ውስጥ ጠርቷል።

በነገራችን ላይ፣ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1968 ባስተዋወቀው የትሪኒትሮን ቱቦ ላይ በቀጭኑ አግድም የሚታዩ አንድ ወይም ሁለት ግራጫ ክሮች ብልሽት አይደሉም። በቱቦው ውስጥ የተወጠሩትን ቀጫጭን ብረቶች ደግፈው የሚይዙ ሽቦዎች ጥላ ናቸው። እኔ እውነቱን ሳላውቅ ለወራት ስክሪኑን ስወለውል ኖሬያለሁ።

መልስ፦ አሮጌው ካቻቢቴ

ከሦስቱ አስቸኳዩ መስመሯ ናት። ጨረሩን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ሥራ ሲያቆም ጨረሩ ወደ ጎን ብቻ ስለሚሮጥ ምስሉ በሙሉ በአንዲት መስመር ላይ ይከማቻል። ሲመቱት መመለሱ ዕቃው እንዳልተቃጠለ፣ ይልቁንም አንድ የብየዳ ነጥብ እንደተሰነጠቀ በእጅጉ ያመለክታል፤ ይህ ክፍል በጣም ስለሚግል ብየዳው በመጋልና በመቀዝቀዝ ብዛት ይላቀቃል። ባለሙያ በጥቂት ደቂቃ ያድሰዋል። ክዳኑ ከተፈታ ዘንድ በዙሪያው ያሉትን ካፓሲተሮችም (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትናንሽ ዕቃዎች ናቸው) እንዲመረምርልዎት ይጠይቁት፤ ከዓመታት ሙቀት በኋላ ውስጣቸው ይደርቃል።

እስከዚያው ድረስ መስመሯ ከታየች ወዲያውኑ ያጥፉት፤ እየመቱም አይጠቀሙበት። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ እየመታሁ ስጠቀም ኖሬ በመጨረሻ ሳስጠግነው ምስሉ ተመልሷል፤ ነገር ግን የጨረሩ ኃይል ሁሉ በአንድ ቦታ ሲያርፍ የቀለም ሽፋኑን ስላቃጠለው መሐሉ ላይ ጠባሳ ቀርቶበታል።

እባክዎ ራስዎ አይክፈቱት። በቀለም ቱቦ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከ20,000 ቮልት በላይ ይደርሳል፤ ቱቦው ራሱ እንደ ካፓሲተር ስለሚያገለግል ገመዱ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ኃይሉን ይዞ ሊቆይ ይችላል። በዚያ ላይ ከኋላ ያለው የቱቦው አንገት ቀጭን ብርጭቆ ነው። ካቻቢቴ ቢያዳልጥና አንገቱን ቢሰብረው አየር ይገባበታል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠገን ነገር አይኖርም።

መልስ፦ ጨረር ተመልካች

ከላይ በተሰጡት ሁለት መልሶች እስማማለሁ፤ የምሥራች የሌለው እኔ ዘንድ ነው። ምስሉ ለሁለትና ለሦስት ደቂቃ ደብዝዞ መቆየቱ የቱቦውን ድካም ያመለክታል። ኤሌክትሮን የሚለቁት ሦስት ካቶዶች በጊዜ ብዛት ሽፋናቸው ያልቃል፤ ጤነኛ ቱቦ ግን በሴኮንዶች ውስጥ ይሞቃል። የቱቦውን ካቶዶች በኃይለኛ ሙቀት «የሚያነቃ» መሣሪያ ያላቸው ቴክኒሻኖች አሉ። በአንዱ ቴሌቪዥኔ ላይ ጥቂት ወራት አስገኝቶልኛል፤ በሌላው ላይ ግን የቀረውንም ጨርሶ ገድሎታል። ስለዚህ ምስሉ እየታየ እስካለ ድረስ እንዲያስነኩት አልመክርም። ኮንትራስቱን ዝቅ ማድረግ ዕድሜውን ያራዝማል። ሲበራ የትኛው ቀለም ዘግይቶ እንደሚመጣም ልብ ይበሉ፤ የደከመው ካቶድ የእርሱ ነው።

ስለ ጌም ማጫወቻው ግን እውነት አለዎት። ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን የድሮውን ሲግናል ተቀብሎ፣ አስልቶና አስፍቶ እስኪያሳየው ድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ ባለ ቱቦው ግን የመጣለትን መስመር በመስመር ወዲያውኑ ይስለዋል። በስክሪኑ ላይ የሚተኮስባቸው የድሮ ጌሞች በጠፍጣፋው ላይ ጨርሶ የማይሠሩትም ሽጉጡ የጨረሩን ጉዞ ጠብቆ የሚሠራ ስለሆነ ነው።

ጠያቂ፦ የካሴት ወዳጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስፒከሩን ካራቅሁ በኋላ እድፉ በሦስተኛው ማብራት ጠፍቷል። ቴክኒሻኑም በሚግለው ክፍል እግር ላይ የተሰነጠቀ ብየዳ አግኝቶ አድሶታል፤ ሁለት ካፓሲተሮችም ለውጧል። ድብዘዛው ግን እንዳለ ነው። በተመከርኩት መሠረት ስከታተለው ምስሉ ሲጀምር ቢጫ ሆኖ ቆይቶ ነጩ የሚነጣው በመጨረሻ ነው፤ የደከመው ሰማያዊው መሆኑ ነው። ኮንትራስቱን ቀንሼዋለሁ፤ ካሴት የማይበት ቀን ካልሆነ በቀርም አላበራውም።