የትከሻ አልትራሳውንድ፦ የጅማት መቀደድ ነው ወይስ የፕሮብ ማዘንበል?

ሰላም ባልደረቦች፣ አንድ ምስል አልፈታ ብሎኛል። ታካሚው 58 ዓመቱ ነው፤ ክንዱን ወደ ጎን ሲያነሳ ከ60 እስከ 120 ዲግሪ መካከል ያመዋል። በ12 ሜጋኸርዝ ሊኒየር ፕሮብ (ቆዳ ላይ የሚያዘው ቀጥ ያለ ፊት ያለው የአልትራሳውንድ መሣሪያ)፣ መዳፉን የኋላ ኪሱ ላይ አስደርጌ ሳየው፣ የሱፕራስፓይናተስ (ክንድን ወደ ጎን ለማንሳት የሚረዳው የትከሻ ጡንቻ) ጅማት አጥንቱን በሚይዝበት ቦታ 5 ሚሊሜትር ያህል ጥቁር ነገር አለ።

የፕሮቡን አንድ ጫፍ ጫን አድርጌ ሞገዱ ጅማቱን ቀጥ ብሎ እንዲመታው ሳደርግ ግማሹ ይነጣል። እሱስ አኒሶትሮፒ ነው፤ ሰያፍ የተመታ ጅማት ድምፁን ወደ ፕሮቡ አይመልስም። ቀሪው ግን በቁመትም በአግድምም ጥቁር ነው። ከላይ በበርሳው (ጅማቱ ላይ ባለው ስስ የፈሳሽ ከረጢት) በኩል ጅማቱ አልሰረጎደም፣ ፈሳሽም የለም፤ የአጥንቱ ገጽ ግን ሻካራ ነው።

በመገጣጠሚያው በኩል ያለ ከፊል መቀደድ ልበለው ወይስ ቴንዲኖሲስ (ሳይቀደድ የተጎዳ ጅማት)? ኤምአርአይ ውድ ነውና ከማዘዜ በፊት ክንዱን በምን አኳኋን አድርጌ ደግሜ ልየው?