እማዬ ኦክስጅን ላይ ናት፤ መለኪያው 87 ሲል ልደንግጥ?

የአራት ኪሎዋ፦ እማዬ ሲኦፒዲ (ትንፋሽ የሚያሳጥር ስር የሰደደ የሳንባ በሽታ) አለባት፣ ቤት ውስጥ ኦክስጅን ትጠቀማለች። ጣቷ ላይ የምናደርገው የደም ኦክስጅን መለኪያ አንዴ 93 በመቶ ይላል፣ ወዲያው 87። በተለይ ማለዳ። ኦክስጅኑን ከፍ ላድርግላት?

ነርስ ነኝ፦ በራስሽ እንዳትጨምሪ! መጀመሪያ እጇን አሙቂላት፤ ጣት ከቀዘቀዘ መለኪያው ይሳሳታል። የጥፍር ቀለም ካለም ይልቀቅ። ቁጥሩ እስኪረጋ ሳትንቀሳቀስ ትቀመጥ። ለሲኦፒዲ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት ከ88 እስከ 92 ነው፤ ኦክስጅን ሲበዛ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደሟ ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። የሷን ልክ ግን ሐኪሟ ይንገርሽ።

ሸገር፦ ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት እኮ። እዚህ ጤነኛ ሰውም ከቆላው ሰው ትንሽ ዝቅ ይላል። ዩቲዩብ ላይ የሚሉትን 98 እርሺው።

አባቴን ያስታመምኩ፦ መብራት ሲጠፋ ኮንሰንትሬተሩ (ከአየር ኦክስጅን የሚያጣራው ማሽን) ቀጥ ይላል፣ ስለዚህ የተሞላ ሲሊንደር አጠገቧ ይኑር። ሻማ ግን እሷ ክፍል በፍጹም! ከሰልና ዕጣንም እንደዛው፣ ቡናው ሌላ ክፍል ይፈላ።

የአራት ኪሎዋ፦ ጠባችንም ቡናው ላይ ነው 😀 እጇን አሙቄ ስለካት 91 አለ። ከንፈሯ ቢጠቁር ወይ ብትደናገርስ?

ነርስ ነኝ፦ ያኔ ቁጥር አትጠብቂ። አምቡላንስ ለመጥራት 907 ደውዪ፣ ወይ ባገኘሽው መኪና ድንገተኛ ክፍል ውሰጂያት።